«ኢሙሌተር ላይ ይሠራል»፦ ስለ ስልክ ሶፍትዌር እርማት ታሪክ



የመመረቂያ ሥራውን የሚያቀርብ ተማሪ በፈታኞች ፊት የሚናገራትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ «ኢሙሌተር ላይ ይሠራል፤ ስልኩ ላይ ነው እምቢ ያለው»። ይህን የሚል ተማሪ ብዙውን ጊዜ ሰበብ እንዳቀረበ ይቆጠርበታል። እኔ ግን ዛሬ ይህችን ዓረፍተ ነገር እንደ ታሪክ ሰነድ ላነባት እፈልጋለሁ። በውስጧ ሁለት መሣሪያዎች አሉ፤ አንዱ ፕሮግራሙ የተጻፈበት፣ ሌላው ፕሮግራሙ የሚኖርበት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከስልክም፣ ከግል ኮምፒውተርም በዕድሜ ይበልጣል። የምከራከርበትን ነጥብ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ኢሙሌተር የመሣሪያው ቅጂ ነው ይባላል፤ ለእኔ ግን ሠሪው ስለ መሣሪያው ያመነው ነገር ተጽፎ የተቀመጠበት ሰነድ ነው። ስለዚህ ስልክ ላይ ብቻ የሚገለጥ ስህተት ቅጂውን የሠራው ሰው ምን ሊቀዳ እንዳላሰበ ይነግረናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቃሉ ልጀምር። መማሪያ መጻሕፍት ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ማርክ ሁለት ኮምፒውተር ሪሌይ ውስጥ አንዲት የእሳት እራት እንደተገኘችና በሥራ መዝገቡ ላይ እንደተለጠፈች ይተርካሉ። እውነት ነው፤ መዝገቡ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ይገኛል። ነገር ግን «ባግ» የሚለው ቃል ከእሳት እራቷ ይቀድማል፤ ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ በፈጠራ ሥራ መሃል ብቅ የሚሉ እንከኖችን በዚሁ ስም ጠርቷቸዋል። የእኛ ቋንቋ የመረጠው ምስል ሌላ ነው። «ማረም» ስንል ጽሑፍ ማቃናትም ማሳ ውስጥ ገብቶ አረም መንቀልም ነው። የእሳት እራት ከውጭ በርራ ትገባለች፤ አረም ግን ከዘሩ ጋር፣ ከዚያው ከመሬቱ ይበቅላል። በበኩሌ ለሶፍትዌር የሚስማማው የገበሬው ምስል ይመስለኛል። ፕሮግራም ውስጥ የሚገኝን ስህተት ያስገባው ሌላ ማንም አይደለም፤ ራሳችን ነን የዘራነው።

ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ የካምብሪጁ ሞሪስ ዊልክስ ናቸው። ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተራቸው የመጀመሪያውን ፕሮግራም የሠራው ሜይ 6 ቀን 1949 ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዊልክስ ደረጃ እየወጡ ሳለ ከቀሪ ዕድሜያቸው ብዙው ክፍል የራሳቸውን ፕሮግራሞች ስህተት በመፈለግ እንደሚያልፍ ድንገት እንደታያቸው በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። የሥራ ባልደረባቸው ስታንሊ ጊል በ1951 ስለ ስህተት ምርመራ ባሳተመው ጽሑፍ ያቀረበው ዘዴ ግን ለዛሬው ርእሳችን ከዚህ ትዝታ ይበልጥ ይጠቅመናል። ጊል አንድ ፕሮግራም ሌላውን ፕሮግራም ትእዛዝ በትእዛዝ እያነበበ፣ እየፈጸመና የፈጸመውን እያተመ እንዲሄድ አደረገ። የሚመረመረው ፕሮግራም በቀጥታ ማሽኑ ላይ የሚሠራ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን በሌላ ፕሮግራም ክንድ ላይ ነው ያለው። ልብ በሉ፤ ይህ በአንድ ጊዜ ዲባገርም ኢሙሌተርም ነው። ዛሬ በሁለት የተለያዩ መስኮቶች የምንከፍታቸው መሣሪያዎች አያታቸው አንድ ነው።

«ኢሙሌተር» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከአይቢኤም ቤት ነው። ድርጅቱ ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ሲስተም 360ን ሲያስተዋውቅ ደንበኞቹ በአሮጌዎቹ ማሽኖች ላይ የጻፏቸውን ፕሮግራሞች መጣል አልፈለጉም። ስለዚህ አዲሱ ማሽን በውስጡ በተቀረጸ ማይክሮኮድ እየታገዘ እንደ አሮጌው እንዲሠራ ተደረገ። ሥራውን በሶፍትዌር ብቻ ከሚያስመስለው ከሲሙሌተር ለመለየት ነበር አዲስ ስም ያስፈለገው። ይህ ልዩነት በኋላ እንደገና ስለሚያስፈልገን አትርሱት።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልግባ። በጃንዋሪ 1975 ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው መጽሔት አልቴር 8800 የተባለውን ኮምፒውተር በሽፋኑ ላይ ይዞ ወጣ። ፖል አለንና ቢል ጌትስ አልቴር አልነበራቸውም፤ በውስጡ ያለውን የኢንቴል 8080 ፕሮሰሰር እንኳ በእጃቸው አልያዙትም። የነበራቸው የፕሮሰሰሩ መመሪያ መጽሐፍና ሃርቫርድ የነበረው ፒዲፒ 10 የተባለ ትልቅ ኮምፒውተር ነበር። አለን መመሪያውን እያነበበ ትልቁ ኮምፒውተር እንደ 8080 እንዲሆን የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፈ። ጌትስ በዚያ ላይ የቤዚክ ቋንቋን አስተርጓሚ ጻፈ፤ ሞንቴ ዴቪዶፍ የተባለ ተማሪም የአስርዮሽ ስሌቱን ክፍል ሠራላቸው። ሥራው ሲያልቅ አለን የተበሳ የወረቀት ጥቅል ይዞ ወደ አልበከርኪ በረረ። አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳለ ጥቅሉን ወደ ማሽኑ የሚያስገባውን አጭር ፕሮግራም ማንም እንዳልጻፈ ትዝ አለው፤ እዚያው በማሽን ቋንቋ ጻፈው። በማግስቱ አልቴሩ ፊት ቀርቦ ያንን ፕሮግራም በፊት ለፊቱ ማብሪያ ማጥፊያዎች አንድ በአንድ አስገባ፤ ጥቅሉም ተነበበ። ማሽኑ የማኅደረ ትውስታውን መጠን ጠየቀ። 2 ሲደመር 2 እንዲያትም ሲታዘዝም 4 ብሎ መለሰ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የድፍረት ታሪክ ሆኖ ነው። እኔ የማየው ግን የመመሪያ መጽሐፉን ታማኝነት ነው። 8080 እንደተጻፈው ሆኖ ተገኘ፤ አለንም የተጻፈውን ሳያዛባ አነበበ። አንዲት ትእዛዝ ከመጽሐፉ በተለየ መንገድ ብትሠራ ኖሮ አልበከርኪ ላይ የሚታየው ዝምታ ብቻ ነበር። ይህም ሊሳካ የቻለው ማሽኑ ራቁቱን ስለነበረ ነው። አልቴር ስክሪን የለውም፤ ራዲዮ የለውም፤ ባትሪ የለውም፤ ገጽታውን የሚለዋውጡ አሥር አምራቾችም አልነበሩትም። ሁለንተናው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሊያልቅ የሚችል መሣሪያ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣ ማንኛውም ተንቀሳቃሽ መሣሪያ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ኖሮት አያውቅም።

በመሃል ያሉትን ዓመታት በፍጥነት ልለፍ። መሐንዲሶች ማሽኑን ከመገመት ይልቅ በውስጡ መስኮት መክፈት ጀመሩ። በ1986 ሪቻርድ ስቶልማን የጻፈው ጂዲቢ ቆይቶ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ በሌላ ላይ የሚሮጠውን ፕሮግራም ለማስቆምና ለመመርመር አስቻለ። በ1990 ደግሞ ጄታግ በሚል ስም የሚታወቀው ስምምነት ደንብ ሆኖ ጸደቀ፤ በጥቂት የብረት እግሮች በኩል ቺፑን ከውስጥ ለመፈተሽ የሚያስችል በር ነው። ዛሬ የተከፈተ የስልክ ሰሌዳ ላይ የምታዩአቸው ትናንሽ የመፈተኛ ነጥቦች የዚህ ዘመን ውርሶች ናቸው።

በ1996 ፓልም ፓይለት ወደ ገበያ ወጣ። ለእርሱ የተጻፈው ተወዳጅ ኢሙሌተር ኮፓይለት ይባል ነበር፤ ግሬግ ሂውጊል የተባለ ፕሮግራመር የጀመረው ሲሆን በኋላ ድርጅቱ ተቀብሎ አሳደገው። ኢሙሌተሩ የሞቶሮላውን ፕሮሰሰር ያስመስላል እንጂ የፓልምን ሶፍትዌር አያስመስልም፤ ያንን ከእውነተኛው መሣሪያ ቀድቶ እንዳለ ያሮጠዋል። ስለዚህ ስህተቱም እንዳለ ይመጣ ነበር፤ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። «ግሬምሊንስ» የተባለም መሣሪያ ነበረው፤ በዘፈቀደ ስክሪኑን እየነካ፣ ፊደል እየጻፈ፣ ቁልፍ እየተጫነ ፕሮግራሙ እስኪወድቅ ድረስ የሚያስጨንቅ። ፕሮግራመር የራሱን ሥራ ሲሞክር እጁ ሳያውቀው ከደካማው ቦታ እንደሚሸሽ የተረዳ ሰው የፈጠረው ይመስላል።

የጃቫ ስልኮች ዘመን በተቃራኒው የተስፋ ቃል ዘመን ነበር። ሰን ማይክሮሲስተምስ «አንዴ ጻፍ፣ የትም አስሂድ» ብሎ ነበር፤ ፕሮግራመሮች ግን ብዙ ሳይቆዩ «አንዴ ጻፍ፣ የትም ቦታ እረም» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። ቀልዱ ከመፈክሩ ይልቅ እውነቱን ተናገረ። ሲምቢያን ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተከሰተ። በኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው የሲምቢያን «ኢሙሌተር» በእርግጥ ለኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር እንደገና የተጠናቀረ ሶፍትዌር ስለነበር፣ በአይቢኤም አገላለጽ ሲሙሌተር እንጂ ኢሙሌተር አልነበረም። ከ2005 አካባቢ ጀምሮ በተስፋፋው 9ኛው ሥሪት ደግሞ የስልኩን ጥልቅ አገልግሎቶች የሚነካ ፕሮግራም በራስ ስልክ ላይ ለመሞከር እንኳ በስልኩ መለያ ቁጥር የታሰረ የምስክር ወረቀት አስፈለገ። እስከዚያ ድረስ «ለምን አልሠራም?» የሚለው ጥያቄ ቴክኒካዊ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ማን ፈቀደልህ?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ተጨመረበት። ዛሬ ተማሪዎች ቀናት የሚያባክኑበት የፊርማ አለመዛመድ ስህተት ሁሉ የዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ዘር ነው።

አፕል ሁለቱንም ጥያቄዎች አጣምሮ ያዘ። የአይፎን ፕሮግራም መሥሪያ ማርች 6 ቀን 2008 ይፋ ሆነ። አብሮት የመጣውን መሣሪያ አፕል ኢሙሌተር ብሎ አልጠራውም፤ ሲሙሌተር አለው፤ ስያሜውም ትክክል ነበር። ፕሮግራሙ የሚጠናቀረው ለማክ ኮምፒውተሩ ለራሱ ፕሮሰሰር ነበር፤ የሚጠቀመውም የማኩን ማኅደረ ትውስታ። የመጀመሪያው አይፎን 128 ሜጋባይት ማኅደረ ትውስታ ብቻ ስለነበረው፣ በጠረጴዛው ላይ እንደ ልቡ የተንሸራሸረ ፕሮግራም እጅ ላይ ሲገባ በስርዓተ ክወናው ይገደል ነበር። ከዚህ የረቀቀ ወጥመድም አለ። ማክ በተለምዶ የፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፤ አይፎን ግን ይለያል። በኮዱ ውስጥ በትንሽ ፊደል የተጠራ፣ በዲስኩ ላይ ግን በትልቅ ፊደል የተሰየመ ሥዕል ሲሙሌተሩ ላይ ይታያል፤ ስልኩ ላይ ይጠፋል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለማያውቅ ይሆን አላውቅም፣ የእኛ ተማሪዎች ይህን ስህተት ለማየት ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይዘገያሉ። ፈቃዱን በተመለከተ፣ እስከ 2015 ድረስ በገዛ አይፎን ላይ የገዛ ፕሮግራምን ለመሞከር በዓመት 99 ዶላር መክፈል ግድ ነበር። ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ በቀላሉ በማይገኝበት አገር ይህ መጠን የቴክኒክ እንቅፋት ያህል ነው።

የአንድሮይድ ታሪክ ደግሞ አልቴርን ያስታውሰኛል። ጎግል የፕሮግራም መሥሪያውን ለሕዝብ የለቀቀው ኖቬምበር 12 ቀን 2007 ሲሆን የመጀመሪያው ስልክ አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው ኦክቶበር 22 ቀን 2008 ነበር። ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዓለም ዙሪያ ያሉ ፕሮግራመሮች መደብር ውስጥ ለማይገኝ ስልክ ይጽፉ ነበር። ያላቸው ኢሙሌተር ብቻ ነበር፤ እርሱም ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር በ2003 ባወጣው ኪውኢሙ ላይ የተገነባ። ይህ እውነተኛ ኢሙሌተር ነው፤ የስልኩን የአርም ፕሮሰሰር ትእዛዛት እየተረጎመ ያሮጣል። በዚያ ምክንያት ታማኝ ነበር፤ በዚያው ምክንያት ቀርፋፋ ነበር። እስኪነሳ ድረስ ቡና ሊፈላ ይችላል የሚለው ቀልድ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ዝግታውን ለማስወገድ የተመረጠው መንገድ ነው ታሪኩን የሚያጣምመው። ቆየት ብሎ ለኢንቴል ፕሮሰሰር የተጠናቀረ የአንድሮይድ ምስል ቀረበ፤ ኮምፒውተሩም ትርጉም ሳያስፈልገው በቀጥታ ያሮጠው ጀመር። ኢሙሌተሩ ፈጠነ፤ ከስልኩ ግን አንድ እርምጃ ራቀ። ለአርም ብቻ የተጠናቀረ ቤተ መጻሕፍት የያዘ ፕሮግራም ስልክ ላይ ይሠራና ኢሙሌተሩ ላይ አልጫንም ይል ነበር፤ ለኢንቴል ብቻ የተጠናቀረው ደግሞ በተቃራኒው። የቅጂ ታሪክ ወደ እውነተኛው እየተጠጋ የሚሄድ ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም። ፍጥነትና ታማኝነት ሲጋጩ ብዙ ጊዜ ያሸነፈው ፍጥነት ነው።

ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ አሁንም በየሳምንቱ ስለሚጠየቅ። ተማሪው ሰርቨሩን በኮምፒውተሩ ላይ ያስነሳል፤ ፕሮግራሙ «ሎካልሆስት»ን እንዲጠራ ያዝዛል፤ መልስ አይመጣም። ኢሙሌተሩ ራሱን የቻለ መሣሪያ ነኝ ብሎ ያምናልና «ሎካልሆስት» ሲባል ራሱን ነው የሚጠራው። ኮምፒውተሩን ለማግኘት 10.0.2.2 የሚል አድራሻ ተበጅቶለታል። ተማሪው ይህን ይጽፋል፤ ይሠራል፤ ደስ ይለዋል። ያንኑ ፕሮግራም ስልኩ ላይ ሲጭነው እንደገና ዝም ይላል፤ ያ አድራሻ በኢሙሌተሩ ዓለም ውስጥ ብቻ ያለ አገር ነውና። በኬብል ለተያያዘ ስልክ ኤዲቢ የስልኩን በር ወደ ኮምፒውተሩ የሚያዞርበት ትእዛዝ አለው፤ ካልሆነም የኮምፒውተሩን የዋይፋይ አድራሻ መጻፍ ነው። ኢሙሌተሩ ኔትወርክን የሚያስመስልበት መንገድም እንዲሁ ነው። ፍጥነቱን ወደ ኤጅ ወይም ወደ ጂኤስኤም ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ዝግታው ግን ሥርዓት ያለው ዝግታ ነው። ሚኒባስ ውስጥ እየተጓዘ አንዴ የሚመጣና አንዴ የሚጠፋ ኔትወርክ የሚያመጣውን ግማሽ መልስ ለማየት ሚኒባሱ ውስጥ መግባት ይሻላል።

እስካሁን የተናገርኩት ማሽኖች ከማሽኖች ስለሚለዩበት ነው። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ምዕራፍ ግን የፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባው በ1999 ነበር። ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ስለወጣ በ2007 በኮምፒውተር ላይ አማርኛ ማንበብ ተራ ነገር ሆነ። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ግን የግዕዝ ፎንት አልነበራቸውም። ፕሮግራመሩ በአርታኢው ውስጥ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ይጽፋል፤ ስልኩ ላይ የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች ይወጣሉ። የዚያን ጊዜ ኢሙሌተርም እንዲሁ ሳጥን ያሳይ ነበር፤ ጉድለቱን ጭምር በታማኝነት ይቀዳ ነበር ማለት ነው። አገር ውስጥ የተገኘው መፍትሔ ፎንቱን ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ማሸግ ነበር። ሆኖም ይህ የሚሠራው ፕሮግራሙ ራሱ በሚሥለው ገጽ ውስጥ ብቻ ነው። በስክሪኑ አናት ላይ የሚወጣውን ማሳወቂያ የሚሥለው ስርዓተ ክወናው ስለሆነ፣ ውስጡ አማርኛ የሆነ ፕሮግራም ደጃፉ ላይ ሳጥን ይዞ ይቆም ነበር።

ቆይቶ የግዕዝ ፎንት በስርዓተ ክወናው ውስጥ ተካተተ። ይህ መልካም ዜና አዲስ ዓይነት ስህተት ይዞ መጣ። አዲሱ የኢሙሌተር ምስል ፎንቱ አለው፤ ገበያ ላይ ያሉት አሮጌ ስልኮች የላቸውም። ፎንቱን ማሸግ አያስፈልግም ብሎ ያወጣው ሰው በጠረጴዛው ላይ ሁሉም ነገር አምሮ ያያል፤ አሮጌ ስልክ የያዘው ተጠቃሚ ዘንድ ሳጥኖቹ ተመልሰው ይመጣሉ። ደግሞም ፕሮግራሙ አይወድቅም። ሳጥን መሣል ለማሽኑ ስህተት አይደለም፤ የታዘዘውን ፊደል ቅርጽ አላገኘም፣ በምትኩ ያለውን ሣለ። ስህተት መሆኑን የሚያውቀው አንባቢው ብቻ ነው።

ከዚህም የጠለቀ አንድ ምሳሌ አለ፤ በእርሱ ላይ ላቁም። ከ2016ቱ አንድሮይድ 7.0 ጀምሮ ስርዓተ ክወናው የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላ ክፍል ለፕሮግራመሮች አቅርቧል። አሥራ ሦስቱን ወራት ያውቃል፤ ጳጉሜን አምስትና ስድስት ቀን መቼ እንደምትሆን ያውቃል። ሰዓቱን ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። ቀኑ በእኛ፣ ሰዓቱ በሌላው አቆጣጠር ሆኖ አንድ መስመር ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ተማሪ ለጤና ጣቢያ የቀጠሮ ማስታወሻ የሚልክ ፕሮግራም ሠራ እንበል። ነርሷ ሦስት ሰዓት ላይ ትቀጥራለች፤ ፕሮግራሙ ለእናቲቱ «ጥዋት 9፡00» ብሎ ይጽፋል። እናቲቱ ዘጠኝ ሰዓት የምታውቀው ከቀትር በኋላ ነው፤ «ጥዋት» የሚለውን የጽሑፍ ስህተት አድርጋ ቆጥራ በዘጠኝ ሰዓት ትመጣለች። ሐኪሙ ሄዷል። ይህን ፕሮግራም በኢሙሌተር ብታስኬዱት ይሠራል፤ በስልክ ብታስኬዱት ይሠራል፤ ግሬምሊንስ ሌሊቱን ሙሉ ቢነካካው አይወድቅም፤ ሎግካት ላይም አንድ ቀይ መስመር አይወጣም።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲኖረን እዚህ ላይ አቆማለሁ።